በጌሙ 16 ደቂቃ፣ በጦሳ ስድስት ዓመት፦ የዛፍ እርሻ እንዴት ይነደፋል?

በሰኔ መጀመሪያ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ከተመለሰ ከአሮጌው ላፕቶፕ ማን ያስነሣዋል! የዚያን ቀን ማይንክራፍት ላይ የሠራውን የዛፍ እርሻ አሳየኝ። ግንዳቸው ነጭና ቀጥ ያለ 200 ዛፎች በሰልፍ ቆመዋል። በጌሙ ስማቸው በርች ነው፤ እሱ ግን «ባሕር ዛፌ» ይላቸዋል። ማይንክራፍት ውስጥ ባሕር ዛፍ ስለሌለ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ። አያታችን ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ ቁልቁለት ላይ ትንሽ የባሕር ዛፍ ቦታ አላቸው። ከሱ በታች ባዶ መሬት አለ። ከባዶው መሬት ግርጌ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ጄሪካን ይዞ የሚወርድባት ምንጭ አለች። በዚህ ክረምት ባዶው ቦታ ላይ ባሕር ዛፍ ለመትከል ታስቦ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ እዚህ አጠጋግቼ ተክዬ በ16 ደቂቃ ይደርስልኛል። የእማማንስ ለምን እንዲህ አጠጋግተን እስከ ምንጩ ድረስ አንሞላውም?» አለኝ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ችግኙ ሊገዛ አንድ ወር ብቻ ቀርቶታል። ስለዚህ ቁጭ ብለን አሰላን። እስቲ እናንተም አብራችሁን አስሉ።

ጌሙ ዛፍ የሚያሳድገው በዕጣ ነው

ማይንክራፍት ውስጥ ሁሉም ነገር ከብሎክ የተሠራ ነው። ጌሙ በሰከንድ 20 ጊዜ «ይተነፍሳል»፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ቲክ ይባላል። ዓለሙ ደግሞ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው 16 ብሎክ በሆነ ኩብ ኩብ ተከፋፍሏል። 16 × 16 × 16 ሲሰላ 4,096 ብሎክ ይሆናል። በየቲኩ ከእያንዳንዱ ኩብ 3 ብሎኮች በዕጣ ይመረጣሉ። (ቁጥሮቹ የኮምፒውተሩ፣ ማለትም የጃቫው እትም ናቸው። ስልክ ላይ ያለው እትም ይለያል።)

በሰከንድ 20 ቲክ፣ በየቲኩ 3 ዕጣ፣ በድምሩ በሰከንድ 60 ዕጣ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የተወሰነ ችግኝ ዕጣ የሚደርሰው 4,096 ÷ 60፣ በአማካይ በየ68 ሰከንዱ ነው።

ዕጣው ቢደርሰውም ወዲያው አያድግም። መጀመሪያ ከችግኙ በላይ ያለው የብርሃን መጠን 9 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከዚያ ከ7 አንድ ዕድል አለው። ይህን ሁለት ጊዜ ማለፍ ይጠበቅበታል፤ የመጀመሪያው ያዘጋጀዋል፣ ሁለተኛው ዛፍ ያደርገዋል። 68.27 ሰከንድ × 7 × 2 ወደ 956 ሰከንድ ይመጣል። ይህ ነው የልጁ 16 ደቂቃ። ይህ አማካይ ነው፤ አንዱ ችግኝ በ3 ደቂቃ ሊያድግ ይችላል፣ ሌላው 40 ደቂቃ ሊያስጠብቅ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስሌቱ ውስጥ ውኃ የለም። አፈሩ ለም ይሁን አይሁን አይጠየቅም። ጎረቤት ዛፍም አልተቆጠረም። ጥላ ከበዛ ችቦ መትከል ነው፤ የችቦ ብርሃን 14 ስለሆነና በየብሎኩ አንድ ስለሚቀንስ፣ እስከ 5 ብሎክ ድረስ ለችግኝ ይበቃል። ስለዚህ በጌሙ ማጠጋጋት ምንም አያስቀጣም።

ማነቆው የት ነው?

ታዲያ ማጠጋጋት ካላስቀጣ፣ 200 ዛፍ ከ64 ዛፍ ይሻላል? ልጁ ይሻላል ብሎ ነበር። አንድ ዛፍ ቆርጦ፣ ግንዱን ለቅሞ፣ ችግኝ መልሶ ለመትከል ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት በስልኬ ለካሁት። ወደ 15 ሰከንድ ነው። በደቂቃ 4 ዛፍ ማለት ነው።

አሁን እናስላ። አንድ ዛፍ ለማደግ 16 ደቂቃ ይፈልጋል። በ16 ደቂቃ ውስጥ ልጁ 16 × 4፣ 64 ዛፍ ይቆርጣል። 64 ዛፍ ካለው፣ የመጨረሻውን ቆርጦ ሲጨርስ የመጀመሪያው በአማካይ ደርሶ ይጠብቀዋል። 200 ዛፍ ካለው አንድ ዙር 50 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እያንዳንዱ ዛፍ ካደገ በኋላ 34 ደቂቃ ያህል ቆሞ ይጠብቃል። የበርች ግንድ ከ5 እስከ 7 ብሎክ ስለሆነ በአማካይ 6 ብንለው፣ ምርቱ በደቂቃ 24 ግንድ ነው። በ64ም 24፣ በ200ም 24!

ኢንጂነሮች ይህን ማነቆ ይሉታል። ጠርሙስ ስታንቆረቁሩ የውኃውን ፍጥነት የሚወስነው ሆዱ አይደለም፣ አንገቱ ነው። በልጁ እርሻ አንገቱ የራሱ እጅ ነው። ችግኝ መጨመር ሆዱን ማስፋት ብቻ ነው።

ማነቆ ደግሞ ቦታ ይቀይራል። የአጥንት ዱቄት ችግኝ ላይ ብትነሰንሱ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ችግኙ አንድ ደረጃ የመራመድ 45 በመቶ ዕድል አለው። ለሁለቱ ደረጃዎች በአማካይ 4 ተኩል ገደማ ያስፈልጋል። ዛፉ ያኔውኑ ይበቅላል፤ አሁን ማነቆው «ዱቄቱን ከየት ላምጣ?» ይሆናል። በፒስተንና በቲኤንቲ ራሱን የሚቆርጥ እርሻ የሚሠሩም አሉ፤ እነሱ ማነቆውን ከእጅ ወደ ማሽን ያዛውሩታል።

ችግኙ ራሱን ይተካል?

ጌሙ ውስጥ ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶ አይቀርም። ቅጠሉ ሲረግፍ የሚወድቀውን ችግኝ መልሳችሁ ትተክላላችሁ። አንድ ቅጠል ችግኝ የመጣል ዕድሉ 5 በመቶ ነው። አንድ ትንሽ ዛፍ ወደ 50 ቅጠል ካለው፣ በአማካይ 2.5 ችግኝ ይሰጣል። ከአንድ በላይ ስለሆነ እርሻው ይቀጥላል።

ግን አማካይ ሊያታልል ይችላል። 50ውም ቅጠል ምንም የማይሰጥበት ዕድል 0.95ን 50 ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ ውጤቱ 8 በመቶ ያህል ነው። አንድ ዛፍ ብቻ ይዛችሁ ከጀመራችሁ፣ ከ12 ወይም ከ13 ተጫዋች አንዱ ባዶ እጁን ይቀራል። ሁለት ዛፍ ከሆነ ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። የመጀመሪያ ችግኞቻችሁን በሙሉ አንድ ላይ ሳትጨርሱ ጥቂት ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ የሚባለው ለዚህ ነው። ገበሬስ ዘሩን በሙሉ መች ይበላል?

ጌሙ የተወው

አሁን ወደ ደሴ እንውጣ። ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው። አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ሲሆን፣ አዲስ አበባን የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ስላጠራት ነበር። ወሎም ተቀበለው። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በ1930ዎቹ የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ይዞ፣ ከ60 ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ቆሞ አነጻጽሯል። ዛፍ ጠፋ ሲባል በኖረበት አገር፣ ብዙ ቦታ ላይ ዛፍ ጨምሮ አገኘ፤ ከጨመረው ብዙው ገበሬው ራሱ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። የዛፍ እርሻ ንድፍ እኛ ዘንድ ከጌም በፊት የነበረ ሥራ ነው።

በደጋው ባሕር ዛፍ ለአጣና እስኪደርስ እንደ ቦታው ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። 6 ዓመት ብንል፣ ከ16 ደቂቃ ወደ 200,000 እጥፍ ይረዝማል። በ6 ዓመት አንዴ የሚቆርጥ ሰው ማነቆው እጁ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ምንድነው?

አንደኛው ውኃ ነው። ዛፎቹን በ1 ሜትር ርቀት ብትተክሉ በአንድ ሄክታር 10,000 ዛፍ ይገባል። በ2 ሜትር ከሆነ 2,500። ለስሌት እንዲመች በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ እንበል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ሊትር ይወርዳል። አጠጋግታችሁ የተከላችሁት ዛፍ ድርሻው 1,000 ሊትር ነው፤ አራርቃችሁ የተከላችሁት 4,000 ሊትር። ከዚህም ላይ የሚተነውና ቁልቁል የሚሮጠው ይቀነሳል። ዛፍ ስትጨምሩ ዝናቡ አይጨምርም፤ ድርሻው ያንሳል እንጂ። ብርሃኑና የአፈሩ ምግብም እንደዚያው ነው።

ይህ ማለት አጠጋግቶ መትከል ሞኝነት ነው ማለት አይደለም። ቀጭን አጣና ለሚሸጥ ሰው ያዋጣል፤ ዛፎቹ ወደ ብርሃን ሲሽቀዳደሙ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ወፍራም ግንድ የሚፈልግ ግን ማራራቅ አለበት። መጀመሪያ ምን ልታመርቱ እንደፈለጋችሁ ወስኑ፣ ርቀቱ ከዚያ ይመጣል።

ሁለተኛው ቦታ ነው። በጌሙ በረዷማ ተራራም ይሁን ሜዳ፣ ችግኝ እኩል ያድጋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚለወጥ፣ ታክሲው ቁልቁለቱን ወርዶ ሲያበቃ 4 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ለዚህ ነው በደጋው ነጭ ባሕር ዛፍ የሚወደደው፣ ዝቅ ባለው ቆላማ ቦታ ደግሞ ቀይ ባሕር ዛፍ የሚሻለው።

ሦስተኛው ሞት ነው። የጌም ችግኝ አይደርቅም፣ ፍየል አይበላውም። አማርኛችን ግን «ተተከለ» እና «ጸደቀ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአረንጓዴ ዐሻራ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ትልቅ ቁጥር ነው፤ ዛፍ የሚሆነው ግን ከተተከለው ውስጥ የጸደቀው ነው። አንድ ቤተሰብም 100 ሲተክል የሚጸድቀውን አስቦ ማስላት አለበት።

ጌሙ የማያውቀው ስጦታም አለ፦ ጉቶ። ባሕር ዛፍ ዝቅ ተደርጎ፣ ልጡ ሳይቀደድ በደንብ ከተቆረጠ ያቆጠቁጣል። ሥሩ አፈር ውስጥ ሰፍቶ ስለቆየ ቡቃያው ከአዲስ ችግኝ ፈጥኖ ይነሣል። ባለቤቱ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ቡቃያ አስቀርቶ ሌላውን ያነሣል። አንዴ ተክሎ ብዙ ዙር መቁረጥ! ማይንክራፍት እንዲህ ያለ ዛፍ ቢኖረው የልጁ 15 ሰከንድ ይቀንስ ነበር።

ወደ ምንጯ

ያው ሥር ግን ዕዳም አለበት። ባሕር ዛፍ በፍጥነት ስለሚያድግ ብዙ ውኃ ይስባል፤ ሥሩም ወደ ጎን ይሄዳል። እርሻ አጠገብ የተከሉ ገበሬዎች በመካከል ቦይ የሚቆፍሩት ሥሩን ለመቁረጥ ነው። ምንጭ አፍ ላይ መትከል ደግሞ ከጄሪካኑ ጋር መሻማት ነው።

ቅዳሜ ደሴ ወጣን። ልጁ ሁሉንም በአፍ ከምነግረው ራሱ እንዲያየው ክር ሰጠሁት። ከነባሩ ባሕር ዛፍ ዳር ዳር ያሉትን አሥር፣ መሀል ያሉትን አሥር ግንድ በደረቱ ቁመት እየጠመጠመ ለካ። ሁሉም የተተከሉት በአንድ ክረምት ነው። የዳሮቹ ክር ረዘመ፤ በአንድ ወገን ተሻሚ ስለሌላቸው ወፍረዋል። አያታችን ደጃፍ ላይ ቆመው ሲያዩት ቆዩና፣ «ይኼን ለማወቅ ክር አስፈለገህ ልጄ? የመሀሉን እኮ ማንም አይገዛኝም» አሉት።

ከዚያ በኋላ ውሳኔው ቀላል ሆነ። የላይኛው ግማሽ በ2 ሜትር ርቀት ይተከላል። የታችኛው ግማሽ፣ ወደ ምንጯ ያለው፣ ሣር ሆኖ ይቀራል፤ አያታችን ለጥጃቸው ሊያጭዱት ነው። ለሚደርቅ ችግኝ መተኪያ እንዲሆን ከሚያስፈልገው በላይ ጥቂት ጨምረን ገዛን፤ ያው የሳጥኑ ነገር ነው።

እናንተም ክረምት ሲመጣ ክር ያዙና በአካባቢያችሁ ያለ ባሕር ዛፍ ሂዱ፤ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የዳሩንና የመሀሉን ለኩ። ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ አንድ ዛፍ በስንት ሰከንድ እንደምትቆርጡ ለኩና 956ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉት። የሚበቃችሁ የዛፍ ብዛት እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ማታውኑ ከ200ው 136ቱን ነቅሎ፣ በቦታው የከብት በረት ሠራ።