ሩዝ የመሰለችውን አትጨፍልቋት

ትናንት አጎቴ ከገለምሶ ፎቶ ላኩልኝ። በቆሎ ቅጠል ላይ የደከመ ተምች አለ፤ አጠገቡ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነጣ ያለች ነገር ተለጥፋለች። «እንቁላሉ ናት? ልጨፍልቃት?» ይላሉ። ወዲያው ደወልኩላቸው፦ «ኧረ አጎቴ፣ ይተዋት!»

እንቁላል አይደለችም። የጥገኛ ተርብ ልጅ ራሷ የፈተለችው የሐር ጎጆ ናት። እናትየው ከጉንዳን አትበልጥም። ተምቹን ወግታ ሆዱ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፤ አብራም መከላከያውን የሚያደክም ቫይረስ ትጨምርበታለች። ልጅየዋ ከውስጥ እየበላች አድጋ ጎኑን ቀድዳ ትወጣለች።

የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ተመራማሪዎች በሐዋሳ፣ በጅማና በአዋሽ መልካሳ ተምች ሰብስበው ነበር። ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባለው ተርብ ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ተገኘች። ለዚህ ተምች ብሎ ያመጣት የለም፤ የአፍሪካ ልጅ ናት። ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

አጎቴ ቀጠሉ፦ «እሺ፣ ኬሚካሉን ትቼ ባክቴሪያውን ልርጭ። እሱ ተርቧን አይነካም አይደል?»

ባክቴሪያው ቢቲ ነው። የሚገድለው ሲበላ ነው፤ መርዙ ተምቹ ሆድ ውስጥ ሟሙቶ አንጀቱን ይበሳዋል። ጎጆዋ ውስጥ ያለችው ተርብ ምንም አትበላምና አይደርስባትም፤ የምትበረውንም እንደ ኬሚካሉ አይፈጃትም። ተምቹ ሆድ ውስጥ ያለችው ግን ቤቷ ቀድሞ ስለሚሞት አብራ ትሞታለች። «ተፈጥሯዊ ነው» ሲባል ይህቺ ሁልጊዜ ትረሳለች፤ ያሳዝነኛል። በሌላ በኩል መጠኑ አነስ ብሎ ተምቹ ሳይሞት ከቀጨጨ፣ ተርቧ በምትመርጠው ትንሽነቱ ስለሚቆይ ለመወጋት ይመቻል። አሜሪካ ውስጥ በደን አባጨጓሬ ላይ እንዲህ ሆኖ ታይቷል።

እንደ ቦቬሪያ ያለው የፈንገስ መድኃኒት ደግሞ መበላት አያስፈልገውም፤ ገላ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል። ስለዚህ የምትበረውንም ተርብ ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ ያልኳቸው፦ መጀመሪያ ማሳውን ዞረው ቅጠሉን ይዩ። ጎጆ የበዛበትን መደዳ ይለፉት። ትንንሽ ተምች ያለበትን፣ አዲስ የተበሳውን ብቻ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይርጩ፤ ፀሐይ ባክቴሪያውንም ፈንገሱንም ታዳክማለች። አጠገብ ያለው ጫት ላይ ኬሚካል በሚረጭበት ቀን ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስም ይዩ፤ ኬሚካሉ የሚበሩትን ተርቦች በቀጥታ ይፈጃል።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ፎቶ መጣ። ሩዟን ከነቅጠሏ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው አፉን በስስ ጨርቅ አስረውታል። ስትወጣ ማሳው ላይ ሊለቋት ነው።