ሠላሳ ቤት በአንድ ፊት

አንባቢ ሆይ፤ አዲስ ጨረቃ በምዕራብ ሰማይ ላይ ብቅ ስትል ምን ዐይነት ቅርጽ እንዳላት ያውቃሉ። አሁን ያን ቅርጽ በሐሳብዎ ከሰማይ ያውርዱና በአንድ ኮረብታ ትከሻ ላይ ያስቀምጡት። ቀጥሎም ማር የመሰለ ድንጋይ አምጥተው በቅርጹ ልክ ረጅም ግድግዳ ያቁሙበት፤ በግድግዳውም ላይ 114 ዓምዶች ይደርድሩ፤ ከፊቱ ለጥ ያለ መስክ ያንጥፉለት። ይህን ካደረጉ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የሚገኘውን «ሮያል ክሬሰንት»፥ ማለት «ንጉሣዊት ጨረቃ» የተባለውን የቤቶች ረድፍ አዩት ማለት ነው።

ከሩቅ ለሚመለከተው አንድ ታላቅ ቤተ መንግሥት ይመስላል። ቀርበው በሮቹን ቢቈጥሩ ግን ሠላሳ ቤት ሆኖ ያገኙታል። ጎረቤትና ጎረቤት አንድ ግድግዳ እየተጋሩ፥ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው 150 ሜትር ያህል ርዝመት ይዘው ቆመዋል።

የባዝ ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ አዲስ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደታቸው ዘመን ከ1936 እስከ 1940 የኖሩት በዚሁ ከተማ፥ ፌርፊልድ በተባለው ቤት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ያን ቤት በ1958 ለከተማዪቱ አረጋውያን እንዲሆን አበርክተውታል። ፌርፊልድ ግን በኋላ ዘመን የተሠራ ለብቻው የቆመ ቤት ነው፤ የዛሬው ወሬያችን ከእርሱ በዕድሜ ስለሚበልጡት ስለ ሠላሳው ተያያዥ ቤቶች ነው።

ባዝን ባዝ ያደረጋት ፍል ውሃዋ ነው። 46 ዲግሪ ያህል የሚሞቀው ውሃ ከመሬት ሲፈልቅ አይተው፥ ሮማውያን በመጀመሪያው መቶ ዓመት መታጠቢያ ሠሩበት። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ18ኛው መቶ ዓመት፥ የእንግሊዝ መኳንንትና ባለጸጎች «ለጤናችን» እያሉ ወደዚያው ይጐርፉ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ግን ከውሃው ይልቅ ዳንሱ፥ ካርታ ጨዋታውና ለልጆች ባልና ሚስት ፍለጋው የሚያመጣቸው ይበዙ ነበር። ለዚህ ሁሉ እንግዳ ማደሪያ ያስፈልጋል። የሕንፃው ወሬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ዘመኑ ጆርጅ የሚባሉ አራት ነገሥታት ተከታትለው የነገሡበት፥ ከ1714 እስከ 1830 ያለው ጊዜ ነው። በዚያ ወራት የተሠሩትን ቤቶች እንግሊዞች «የጆርጅ ዘመን ቤቶች» ይሏቸዋል። ጠባያቸው ልከኝነት ነው። መስኮት ከመስኮት በእኩል ርቀት ይቀመጣል፤ ጌጡ ጥቂት ነው፤ መልኩም ከጥንት ግሪክና ሮማ የተወሰደ ነው።

በባዝ ይህን ሥራ የመሩት አባትና ልጅ ናቸው፤ የሁለቱም ስም ጆን ዉድ ነው። አባትዬው «ሰርከስ» የተባለውን ክብ የቤቶች አደባባይ በ1754 አስጀምሮ በዚያው ዓመት ሞተ። ልጁ የአባቱን ሥራ ፈጸመ፤ ከሰርከስ ትንሽ ራቅ ብሎም በ1767 የራሱን ሥራ ጀመረ፤ በ1774ም ተፈጸመ። ሰዎች የአባትዬውን ሥራ በፀሐይ፥ የልጁን በጨረቃ ይመስሉታል።

እስቲ አሁን ከፊቱ ይቁሙና ወደ ላይ ይመልከቱ። የምድሩ ደርብ አንዳች ጌጥ የለበትም። ከእርሱ በላይ ግን ዓምዶቹ ሁለት ደርብ በአንድ ጊዜ ዘልቀው ይወጣሉ። አናታቸው እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ነው፤ ይህ ከግሪክ የመጣ፥ «አዮናዊ» የሚባል ስልት ነው። በረድፉ መካከል ያለው 16ኛው ቤት ጥንድ ጥንድ ዓምዶች ስላሉት ማዕከሉን ሳይጮህ ያስታውቃል። ወደ መስኩ ዝቅ ብለው ሲያዩ ደግሞ ብልሃት ያገኛሉ። አጥር የለም፤ ነገር ግን መሬቱ ተቈርጦ በአንድ ወገን የድንጋይ ካብ ስላለው ከታች የሚግጡት በጎችና ላሞች ወደ ቤቶቹ ሊወጡ አይችሉም። በመስኮት ለሚያየው ሰው ግን ሣሩ ከደጁ እስከ ሸለቆው ያልተቋረጠ ይመስለዋል።

አሁን ደግሞ ዞረው ጓሮውን ይመልከቱ። ምን ያያሉ? አንዱ ቤት ረጅም፥ አንዱ አጭር፤ የአንዱ ጣራ ሾጣጣ፥ የሌላው ዘቅዛቃ፤ መስኮቶቹም እንዳሻቸው ተበትነዋል! ነገሩ እንዲህ ነው። ዉድ የነደፈው ፊቱን ነበር። ቦታ የወሰደ ሰው ሁሉ በዉድ ንድፍ መሠረት ከፊቱ ድርሻውን የመሥራት ግዴታ ነበረበት። ከዚያ ወደ ኋላ ያለውን ግን የራሱን ግንበኛ ቀጥሮ እንደ ኪሱና እንደ ቤተ ሰቡ ብዛት ይሠራው ነበር። ስለዚህ ክሬሰንት ወደ አደባባይ አንድ ሕግ፥ ወደ ጓሮ ሠላሳ ፈቃድ ያለው ሕንፃ ነው።

በቤቱ ውስጥም ሥርዓት ነበረ። ከመሬት በታች ወጥ ቤትና ዕቃ ቤት፤ በላዩ ምግብ ቤቱ፤ ከዚያ በላይ የእንግዳ መቀበያው እልፍኝ፤ ከዚያ መኝታ ቤቶች፤ ከጣራው ሥር አሽከሮችና ገረዶች። ከሰል ተሸክሞ ያን ሁሉ ደረጃ የሚወጣው ማን እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ዛሬ 1ኛው ቤት ሙዚየም ነው፤ የተከፈተውም በ1970 ነው። ጐብኚው የጌታውን እልፍኝ ብቻ ሳይሆን የሠራተኞቹን ክፍል ጭምር እንዲያይ በ2013 ተለይቶ የነበረው የአሽከሮች ወገን ከቤቱ ጋር ተመልሶ ተገናኝቷል።

የፍቅር ወሬም አይጠፋ። በ1772 ኤሊዛቤት ሊንሊ የተባለች ስመ ጥር ዘፋኝ ከ11ኛው ቤት ወጥታ ከወጣቱ ሪቻርድ ሼሪዳን ጋር ወደ ፈረንሳይ ኮበለለች። ሼሪዳን በኋላ ታላቅ የቴያትር ደራሲ ሆነ።

እንዲህ ያለው ሕንፃ እስከ ዛሬ የቆየው ማንም ሳይነካው ነው ብለው እንዳይሳሳቱ። በሚያዝያ 1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ሊዩቤክ ለተባለች ከተማቸው መደብደብ ብድር ሲመልሱ ባዝን ደበደቡ፤ ከ400 ሰው በላይ ሞተ። በክሬሰንት 2ኛውና 17ኛው ቤት ውስጣቸው በእሳት ተበላ። የዚሁ የልጁ ዉድ ሥራ የሆነው የመሰብሰቢያ አዳራሽም ተቃጠለ። ኋላ ግን ሁሉም ታደሱ።

ከቦምቡ በኋላ የመጣው አደጋ ግን በወረቀት ነው። በ1945 ታዋቂው የከተማ ነዳፊ ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለባዝ ባዘጋጀው ፕላን ክሬሰንት የማዘጋጃ ቤት መሥሪያ ቤት እንዲሆን አሳብ አቀረበ። አሳቡ ከወረቀት አላለፈም። በ1944 እና በ1947 የወጡት ሕጎች ታሪካዊ ሕንፃዎች በመዝገብ እንዲጻፉ አድርገው ነበርና ክሬሰንት በአንደኛ ደረጃ ተመዘገበ። ዛሬ ባለቤቱ እንኳ የሕንፃውን ጠባይ የሚነካ ለውጥ፥ በውጭም ሆነ በውስጥ፥ ያለ ፈቃድ ሊያደርግ አይችልም።

ታላላቆቹ ሲጠበቁ ግን ታናናሾቹ አለቁ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በባዝ የእጅ ባለ ሙያዎችና የሠራተኞች መኖሪያ የነበሩ የዚያው ዘመን ተራ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። ዉድ የሚባል አባት አልነበራቸውም፤ ዓምድም አልነበራቸውም። አዳም ፈርጉሰን በ1973 «የባዝ መዘረፍ» የሚል ትርጕም ያለው መጽሐፍ ጽፎ እስኪጮህ ድረስ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ1987 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ክሬሰንትን ብቻ ሳይሆን መላዋን ከተማ ነው፤ ለፈረሱት ግን ዘግይቶባቸዋል።

አንድ የሚያስቅ ክርክር ጨምረን እናብቃ። በዚያው በ1970ዎቹ የ22ኛው ቤት እመቤት በራቸውን ቢጫ ቀለም ቀቡት። ማዘጋጃ ቤቱ «በክሬሰንት በር ነጭ መሆን አለበትና ይለወጥ» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። እመቤቲቱ እንቢ አሉ። ጕዳዩ እስከ ሚኒስትሩ ደርሶ ሚኒስትሩ ለቢጫው በር ፈረዱ።

ታዲያ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ይፈርዱ ነበር? ፈገግ ብለው አይለፉት። ነገ በጠረጴዛዎ ላይ የአንድ አሮጌ ቤት ፋይል ሊቀመጥ ይችላል። በዚያን ጊዜ ስለ በር ቀለም ብዙ ደብዳቤ ተጽፎ፥ ስለ ፈረሱት የሠራተኛ ቤቶች ግን ጥቂት እንደ ተጻፈ ያስታውሱ። ዓምድ ላለው ቤት ጠበቃ አይጠፋም። ዓምድ የሌለው ቤት ግን ጠበቃው ፋይሉን የያዘው ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል።