ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት የትኛውን አሮጌ ጌም ያስመጡ?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዝናቡ ይገባል። ልጆች ከቤት አይወጡም፤ የእርስዎም ስልክ ከእነሱ እጅ አይወጣም። «አንድ ጌም ብቻ» ተብሎ የተሰጠው ስልክ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ማስታወቂያ፣ ከዚያ ቪዲዮ፣ ከዚያ ሌላ ቪዲዮ ይሆናል። ከቨርጂኒያ ወይም ከዱባይ የሚደወለውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰሞን ነው፦ «ልመጣ ነው፣ ለልጆቹ ምን ልያዝ?»

አብዛኞቻችን «ታብሌት» እንላለን። እኔ ሌላ ነገር ልጠቁምዎ፦ ከአሥር ወይም ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ያገለገለ ጌም መጫወቻ። እነዚህ መሣሪያዎች የራሳቸውን ጌም ከማጫወታቸው ሌላ በኤሙሌተር ከእነሱ በፊት የነበሩትንም ያስነሣሉ። ኤሙሌተር ማለት አንዱ መሣሪያ ሌላውን መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። በአንድ መጫወቻ ላይ በ1989 የወጣው ጌም ቦይም፣ ሱፐር ኒንቴንዶም፣ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽንም ሊነሡ ይችላሉ (እዚህ የምጠቅሳቸው የመሣሪያ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ሳንቲም ቆጥሮ ያደገ አባት ለልጁ የሚያሳየው ነገር ያገኛል ማለት ነው።

የቤተሰብ ጥቅማቸው ግን ትዝታ አይደለም። እነዚያ የድሮ ጌሞች ኢንተርኔት አይጠይቁም፣ በመሃል ማስታወቂያ አያስገቡም፣ «አልማዝ ግዛ» እያሉ ልጅ አይለምኑም። ብዙዎቹ ኤሙሌተሮች ደግሞ ጌሙን በፈለጉት ቅጽበት አስቀምጠው ነገ ከዚያው ያስቀጥላሉ። «ምሳ ቀርቧል» ሲባል «ይህችን ደረጃ ልጨርስ» የሚለው ክርክር በዚህ ያጥራል። አይጠፋም፤ ያጥራል።

ለአብዛኛው ቤተሰብ የምመክረው የሶኒን ፒኤስፒ ነው። በ2004 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ ስክሪኑ 4.3 ኢንች ነው። ሲያስመጡ ግን «ፒኤስፒ» ብቻ አይበሉ፣ ቁጥሩንም ይንገሩ። የመጀመሪያው፣ 1000 የሚባለው፣ ወፍራምና ከበድ ያለ ሲሆን ራሙ 32 ሜጋባይት ነው። 2000 እና 3000 ቀጠን ያሉ ናቸው፤ ራማቸውም 64 ሜጋባይት ስለሆነ ለኤሙሌተር ይመቻሉ። እኛ ቤት ያለው 3000 ነው። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ፈጣን እንቅስቃሴ ሲኖር ግን ቀጫጭን አግድም መስመሮች ይታያሉ። ልጄ እስካሁን አላስተዋላቸውም፤ እኔን መጀመሪያ ሰሞን አናደውኝ ነበር።

ፒኤስፒ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ጌሞች እጅግ ደህና አድርጎ ያጫውታል፤ ምክንያቱም ማጫወቻውን ሶኒ ራሱ ውስጡ አስቀምጦታል። የጌም ቦይ አድቫንስ ጌሞችም በደንብ ይሄዱበታል። የሱፐር ኒንቴንዶ ጌሞች ላይ ግን አንዳንዱ ይንቀራፈፋል። ኒንቴንዶ 64ን ጨርሶ አይጠብቁበት፤ አቅሙ አይደለም። የሜሞሪ ካርዱ የሶኒ የራሱ ዓይነት ቢሆንም ተራውን ማይክሮ ኤስዲ የሚቀበል ትንሽ አዳፕተር ስላለ በዚህ አይጨነቁ። ዘመድዎ የሚመጣው ከአውሮፓ ከሆነ ደግሞ በ2011 እዚያ የወጣ፣ ዋይፋይ የሌለው ፒኤስፒ አለ፤ ቁጥሩ ኢ1000 ነው። ለሌላው ሰው ጉድለት ነው፤ ልጁን ከኢንተርኔት ማራቅ ለሚፈልግ ወላጅ ግን ሌላ ምን ይፈለጋል? ድምፁ ሞኖ መሆኑን ብቻ ይወቁት።

ልጁ ትንሽ ከሆነ ወደ ኒንቴንዶ ይሂዱ። በ2006 የወጣው ዲኤስ ላይት እንደ መጽሐፍ ይታጠፋል፤ ከሥር ባለው ማስገቢያም እውነተኛውን የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴት ይቀበላል። ደካማ ጎኑ ማጠፊያው ነው፤ ሲገዛ ስንጥቅ እንዳለው ይታይ። በ2011 የተከተለው 3ዲኤስ የዲኤስን ካሴቶች ጭምር ያጫውታል። ነገር ግን ኒንቴንዶ ራሱ የ3ዲ ምስሉን ስድስት ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች እንዳያዩ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ለትንሽ ልጅ በ2013 የወጣው 2ዲኤስ ይሻላል፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ማጠፊያ የለውም፣ 3ዲም የለውም፣ የሚያጫውተው ግን ያንኑ ነው። ቁመናው አያምርም፤ ልጅ እጅ ላይ ለመክረም ግን የተሠራ ይመስላል። አንድ ወጥመድ አለ፦ የ3ዲኤስ ካሴቶች በአካባቢ የተገደቡ ናቸው። መጫወቻው ከአሜሪካ ሆኖ ካሴቱን ከአውሮፓ ካስመጡ አይሠራልዎትም። ፒኤስፒ ይህ ችግር የለበትም።

ከሁሉም የሚበልጠው በ2011 መጨረሻ የወጣው ፕሌይስቴሽን ቪታ ነው። የስክሪኑ ስፋት 960 በ544 ፒክስል ነው፤ የፒኤስፒው በሁለቱም ጎን ልክ እጥፍ ማለት ነው፤ ስለዚህ የፒኤስፒ ጌም ሲሰፋ ሳይዛባ ይወጣል። ሱፐር ኒንቴንዶውም አያስቸግረውም። ታዲያ ለምን አልመከርኩትም? የራሱ ብቻ የሆነው ሜሞሪ ካርድ ውድ ነው፤ በአዳፕተር ለማለፍም የውስጥ ሶፍትዌሩን መነካካት ያስፈልጋል። ይህን ለጎረምሳው ወንድምዎ ይተዉለት።

ሶፍትዌር ካነሣን ዘንድ፣ ኤሙሌተር ለመጫን የአብዛኞቹን የውስጥ ሶፍትዌር መቀየር ያስፈልጋል። በፒኤስፒ ላይ ኮምፒውተር የለመደ ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። በ3ዲኤስ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ረጅም ነው፤ አንድ እርምጃ ከተዘለለ መሣሪያው ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

ሕጉንም አንርሳ። ኤሙሌተር በራሱ ወንጀል አይደለም፤ በ2000 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሶኒ በፕሌይስቴሽን ኤሙሌተር ሠሪው ኮኔክቲክስ ላይ ባቀረበው ክስ ለኮኔክቲክስ ፈርዷል። ጌሞቹ ግን ባለቤት አላቸው። በ2024 የዩዙ ኤሙሌተር ሠሪዎች ለኒንቴንዶ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ሥራቸውን ዘግተዋል። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። «ሦስት ሺህ ጌም የተሞላ ካርድ» የሚሸጥልዎ ሰው ያን ሁሉ ፈቃድ አግኝቶ አይደለም። ያገለገለ ኦሪጅናል ካሴት ወይም ዲስክ መግዛት ይቻላል፤ ፈጣሪዎቻቸው በነጻ የለቀቋቸው አዳዲስ ጌሞችም አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያዋ መጫወቻ ከአሜሪካ ስትመጣ ልጄ ካርቶኑን እየቀደደ፣ እኔ ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ሰካሁ። የጠፍጣፋ እግሩን ችግር አስቀድሜ ከሱቅ በገዛሁት አዳፕተር ፈትቼ ነበር፤ እንዲያውም ኮርቼበታለሁ። አንድ «ጧ» የሚል ድምፅ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ በቃ። የልጄን ፊት አልነግርዎትም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ 120 ቮልት መሆኑ ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። የእኛ መብራት 220 ነው፤ ያ አዳፕተር ደግሞ የሚቀይረው እግሩን እንጂ ቮልቱን አይደለም።

ስለዚህ ማንኛውም ቻርጀር ከመሰካቱ በፊት ጽሑፉ ይነበብ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለም፤ የፒኤስፒ ኦሪጅናል ቻርጀር እንዲህ ያለው ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት የዲኤስ ላይትና የ3ዲኤስ ቻርጀሮች ግን የ120 ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ መጫወቻ የሚሆን የዩኤስቢ ገመድ ይሸጣል፤ በተራ የስልክ ቻርጀር ላይ ይሰኩታል።

ቀጥሎ ባትሪ። ዕድሜ የጠገበ ባትሪ ያብጣል። የፒኤስፒው የጀርባ ክዳን አልገጥም ካለ ወይም ባትሪው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተንቀዋለለ አይነካካ፣ ቻርጅም አይደረግ፤ አዲስ ይገዛ። በፒኤስፒ 1000፣ 2000 እና 3000 ላይ ባትሪው በእጅ ስለሚወጣ መቀየሩ ቀላል ነው።

ዘመድዎ ሻጩ ፊት ሆኖ መጫወቻውን ያስነሣው፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ይጫን፣ የፒኤስፒውን ትንሽ መሪ ለቆ ብቻውን የሚሄድ መሆን አለመሆኑን ይይ፣ ስክሪኑንም ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። መጫወቻውና ትርፍ ባትሪው በእጅ ሻንጣ ይምጡ፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ካርጎ ውስጥ አይገባም። የዩኤስቢ ገመዱ አይረሳ። ያ 120 የሚለው ቻርጀር ግን እዚያው ይቅር።