ዲስክ ሲቀዳ ስለሚደርሰው ብልሽትና ስለ መከላከያው

የንግድ ሥራ የሚጸናው በመዝገብ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይም መዝገቡንና ሰነዱን ለዓመታት ጠብቆ እንዲያቆይ የፌዴራል ግብር አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 983/2008 ያዛል። መዝገብ በኮምፒዩተር በሚጻፍበት በአሁኑ ዘመን ይህን አደራ ከሚሸከሙት ዕቃዎች አንዱ ሲዲና ዲቪዲ የሚባለው ዲስክ ነው። ፍላሽና ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ቢበዙም፥ አዳዲስ ላፕቶፖችም ያለ ዲስክ ድራይቭ እየተሠሩ ቢመጡም፥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀዳው ዲስክ በስሕተት የማይሰረዝና ከተዘጋም በኋላ ቫይረስ የማይገባበት ስለ ሆነ ጥቅሙ ዛሬም አልቀረም።

ይሁን እንጂ የተበላሸ ዲስክ ጉዳቱ ከዲስኩ ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች አንዷ በሆነችው በቢዮ አዋሌ የሚነግድ ሰው ሒሳቡን ወይም የሰርግ ፊልሙን በከተማ አስቀድቶ ከተመለሰ በኋላ ዲስኩ አልከፈት ቢለው፥ የሚከስረው ዲስኩን ብቻ አይደለም፤ የመኪናውን ዋጋና የአንድ ቀን ገበያውን ጭምር ነው። ዋናው ፋይል ከኮምፒዩተሩ ተሰርዞ እንደ ሆነማ የጠፋው መዝገቡ ራሱ ነው። ስለዚህ ቀጂውም አስቀጂውም አንድ ነገር ማወቅ ይገባቸዋል። ይኸውም ዲስክ ተቀድቶ አለቀ የሚባለው ኮምፒዩተሩ «ተጠናቀቀ» ባለ ጊዜ ሳይሆን፥ የተቀዳው ነገር ተመልሶ በተነበበ ጊዜ መሆኑን ነው።

የብልሽቱን ምክንያት ለመረዳት አስቀድሞ የአቀዳዱን ሁኔታ ማወቅ ያሻል። በባዶ ዲስክ ውስጥ ሙቀት የሚለውጠው ስስ የቀለም ንጣፍ አለ። ድራይቩ ዲስኩን እያሽከረከረ ሌዘር የተባለውን ብርሃን በንጣፉ ላይ ሲያሳርፍበት፥ ብርሃኑ በመጠን እየጋለ ጥቃቅን ምልክቶችን ይተዋል። ሲነበብም ያው ብርሃን ደከም ብሎ በምልክቶቹ ላይ ያልፋል፤ ከንጣፉ ተመልሶ በሚመጣው ብርሃን መብዛትና ማነስ ጽሑፉ ይታወቃል። በባለሙያዎች ዘንድ ሥራው «በርን ማድረግ» የሚባለው ስለዚህ ነው። ቀረጻው የሚጀምረው ከዲስኩ መካከል ሲሆን ወደ ዳር እየሰፋ ይሄዳል። ከተቀዳ በኋላ የዲስኩን ገጽ በብርሃን ዘንበል አድርጎ የተመለከተ ሰው የተቀዳውን ክፍል ካልተቀዳው በቀለሙ ሊለየው ይችላል።

እንግዲህ ዘወትር የሚያጋጥሙት መሰናክሎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው የዲስኩ ዓይነትና መጠን ነው። ኮምፒዩተሩ ዲስክ ገብቶለት ሳለ «ባዶ ዲስክ አስገባ» እያለ ቢደጋግም፥ ድራይቩ ሲዲ እንጂ ዲቪዲ የማይቀዳ፥ ወይም ማንበብ ብቻ የሚችል ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀዳው ዲስክ «አር»፥ ተሰርዞ ደግሞ የሚቀዳው «አርደብሊው» የሚል ምልክት አለው። ተራ ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ነው። ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲ ደግሞ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል ተብሎ ቢጻፍበትም፥ በርካታ ኮምፒዩተሮች በ1,024 እያባዙ ስለሚቆጥሩ ይህንኑ መጠን 4.37 ብለው ያሳያሉ። 4.5 ጊጋባይት ሆኖ የሚታይ ፊልም አልገባ ያለበት ነጋዴም ዲስኩ ጎደሎ ነው ብሎ ሻጩን ሊከስስ አይገባውም።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። የዲቪዲ አንድ እጥፍ ፍጥነት በሴኮንድ 1,385 ኪሎባይት ያህል ነው። በ4 እጥፍ የተቀዳ ሙሉ ዲቪዲ 14 ደቂቃ ገደማ፥ በ8 እጥፍ የተቀዳ ደግሞ 7 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዲስኩ ላይ 16 እጥፍ ተብሎ የተጻፈው የመጨረሻው ወሰን እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ጥራቱ ዝቅተኛ የሆነ ዲስክ ወይም ያረጀ ድራይቭ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠራ ምልክቶቹ ይዛባሉ፤ ጉዳቱም ይበልጡን በዲስኩ ዳር ላይ ይታያል። ስለዚህ መካከለኛውን ፍጥነት መምረጥ ይሻላል። ጥቂት ደቂቃ አተርፋለሁ ብሎ ዲስኩን ያበላሸ ሰው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ይደርስበታል።

ሦስተኛው የመረጃው አቅርቦት መቋረጥ ነው። ሌዘሩ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ኮምፒዩተሩ ፋይሉን ሳያቋርጥ ሊያቀብለው ያስፈልጋል። ጥንት በዚህ ምክንያት ብዙ ዲስክ ይበላሽ ነበር፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ የተሠሩት ድራይቮች ግን አቅርቦቱ ቢቋረጥ ቆመው ጠብቀው ካቆሙበት ለመቀጠል የሚያስችል መከላከያ ተደርጎላቸዋል። ቢሆንም ፋይሉን ከፍላሽ ላይ በቀጥታ ከመቅዳት ይልቅ አስቀድሞ ወደ ኮምፒዩተሩ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ፥ ሌሎች ፕሮግራሞችን መዝጋት፥ ኮምፒዩተሩም በመካከሉ እንዳያንቀላፋ ማድረግ ይገባል። በዩኤስቢ ገመድ የሚሠራ የውጭ ድራይቭ ሲጀምር ደኅና ሆኖ ሲቀዳ የሚጠፋ እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ያነሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ገመዱን ከማከፋፈያ ነቅሎ በቀጥታ በኮምፒዩተሩ ላይ መሰካት፥ ባለ ሁለት መሰኪያ ከሆነም ሁለቱንም መሰካት መፍትሔው ነው።

አራተኛው የመብራት መጥፋት ነው። ቀረጻው በመካከሉ ተቋርጦ መብራት የጠፋበት ባለ «አር» ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ አይድንም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ቀጂ ዩፒኤስ የተባለውን የኃይል መጠባበቂያ ሊያዘጋጅ፥ ወይም ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ሊጠቀም ይገባዋል።

አምስተኛው የአዘገጃጀት ስሕተት ነው። በቀጂው ኮምፒዩተር ላይ የሚከፈት፥ በሌላው ግን ባዶ መስሎ የሚታይ ዲስክ ሁልጊዜ የተበላሸ ነው ማለት አይደለም፤ አልተዘጋ ይሆናል። ዊንዶውስ ባዶ ዲስክ ሲገባለት ሁለት መንገድ ያቀርባል። አንደኛው ዲስኩን እንደ ፍላሽ ለመጠቀም፥ ሁለተኛው ለሲዲና ለዲቪዲ ማጫወቻ እንዲሆን ነው። ዲስኩ በሌላ ዘንድ የሚነበብ ከሆነ ሁለተኛውን መምረጥ ያሻል። በቴሌቪዥን ላይ በአሮጌ ማጫወቻ የሚታይ ፊልም እንደ ሆነ ደግሞ ፋይሉን እንዲያው መገልበጥ አይበቃም፤ በዲቪዲ ፊልም ሥርዓት በሚያዘጋጅ ፕሮግራም ተሰናድቶ መቀዳትና መዘጋት አለበት።

በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎችም ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አይሶ 9660 የተባለው ጥንታዊው የዲስክ አጻጻፍ በጥብቅ ሥርዓቱ የሚቀበለው የላቲን ትልልቅ ፊደላትን፥ ቁጥሮችንና የሥር ሰረዝን ብቻ ነው። «የ2016 ሒሳብ» ተብሎ የተሰየመ ፋይል በዚህ ሥርዓት ቢቀዳ ስሙ ተለውጦ ይወጣል። ጆልየት ወይም ዩዲኤፍ የተባለው አጻጻፍ ሲመረጥ ግን የግእዝ ፊደል ሳይበላሽ ይቀመጣል።

ስድስተኛው ቆሻሻ ነው። አቧራ በድራይቩ ሌንስ ላይ ሲያርፍ መቅዳት ቀርቶ ማንበብም ያቅተዋል። የዲስኩም ገጽ ጣት ቢያርፍበት ምልክቱ ሌዘሩን ያሰናክለዋል። ዲስክ የሚያዘው በዳሩ ነው፤ የሚጠረገውም በለስላሳ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር በቀጥታ እንጂ ዙሪያውን አይደለም።

ምክንያቱ በግልጥ ያልታወቀ እንደ ሆነ መመርመሪያው መንገድ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። በመጀመሪያ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ፥ ቀጥሎ ሌላ ዓይነት ዲስክ መሞከር፥ ከዚያም በሌላ ፕሮግራም መቅዳት፥ በመጨረሻም ያንኑ ዲስክ በሌላ ድራይቭ መፈተን ነው። ሁሉንም ባንድነት የለወጠ ሰው ችግሩ ቢወገድለት እንኳ ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል፤ ምናልባትም ደኅናውን ድራይቭ ጥሎ አዲስ ይገዛል። ለሙከራውም ተሰርዞ የሚቀዳውን ዲስክ መጠቀም ኪሳራውን ያቀልላል።

ዲስኩ ከወጣ በኋላ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ብዙዎቹ የመቅጃ ፕሮግራሞች የተቀዳውን ከዋናው ፋይል ጋር የሚያመሳክሩበት ምርጫ አላቸው፤ ጊዜ ቢወስድም ሊታለፍ አይገባም። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር መታየቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ዝርዝሩ ደኅና ሆኖ የፋይሎቹ ሆድ ዕቃ የተበላሸ ሊሆን ይችላልና። እውነተኛው ፈተና የዲስኩን ይዘት በሙሉ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መልሶ መገልበጥ ነው። ፊልም እንደ ሆነ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም ማየት ያስፈልጋል። ከቢዮ አዋሌ የመጣ ደንበኛም ይህ በፊቱ ሳይፈጸም ዲስኩን ተቀብሎ ባይሄድ መብቱ ነው፤ ቀጂውም ቢጠየቅ ሊከፋው አይገባም።

አጠባበቁም የቀረጻውን ያህል ያስባል። የድሬዳዋ ሙቀት በግንቦትና በሰኔ ቀን ቀን እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ከዚህ በጣም ያልፋል። የዲስኩ ቀለም ሙቀትና ብርሃን የሚጎዳው ስለ ሆነ ዲስኩን በመስኮት ዳርና በመኪና ውስጥ መተው አይገባም፤ በማኅደሩ ተደርጎ ጨለማና ቀዝቃዛ በሆነ ስፍራ ይቀመጥ። የሲዲ አንጸባራቂ ንጣፍ ከላይኛው ገጹ ሥር በስስ ሽፋን ብቻ ስለ ተሸፈነ፥ በስክርቢቶ ጫፍ ቢጻፍበት ይጫራል፤ ለዲስክ የተሠራውን ጫፉ ለስላሳ የሆነ ማርከር መጠቀም ይሻላል። ዋና መዝገብ የያዘ ዲስክ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በሁለት ልዩ ልዩ ቤት ይቀመጥ፤ በየዓመቱም ይፈተሽ። ዲስኩ የመዝገቡ ደጋፊ ነው እንጂ በሕግ ሊጠበቅ የሚገባውን ዋና ሰነድ አይተካም።

በመጨረሻም ይህ ጥበብ ለራስ መዝገብና ለራስ ሥራ የሚውል መሆኑን ማሳሰብ ተገቢ ነው። የሌላውን ሰው ዜማና ፊልም ያለ ፈቃድ እያባዙ መሸጥን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክላል።

ብልህ ነጋዴ ዕቃውን መዝኖ ይረከባል፤ ገንዘቡንም ቆጥሮ ይቀበላል። ዲስኩንም አንብቦ ይረከብ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ የዛሬዋ የጥቂት ደቂቃ ፍተሻ የነገውን የመዝገብ መጥፋት ታድናለች።