ወይ ፌሬቱ ወይ እኔ!

እናንተዬ፣ ፈረንጅ የማያላምደው እንስሳ የለም! ውሻና ድመቱ አልበቃ ብሎት ፌሬት የሚባል ፍጡር ሶፋው ላይ አውጥቶታል። ፌሬት እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረዥም፣ ሰውነቱ ቅልጥፍጥፍ ያለ ፀጉራም እንስሳ ነው። የእኛን ሙጭልጭላ ያየ ሰው ቅርጹ አይጠፋውም። ለማዳ የሆነውም ዛሬ አይደለም። አውሮፓውያን ከ2000 ዓመት በፊት ጀምሮ ጥንቸል ከጉድጓዷ እንዲያስወጣላቸው ያረቡት ነበር።

ወሬውን ያለምክንያት አላነሳሁትም። አንድ የማውቀው ልጅ ዲቪ ደርሶት ቨርጂኒያ ከገባ አምስት ዓመት ሆነው። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ቤት ሲገባ እየዘለለ የሚቀበለው አንድ ፌሬት ብቻ ነበር። አምና ሚስቱ ከአዲስ አበባ ሄደችለት። አሁን ነፍሰ ጡር ናት። «ሸለምጥማጥ ያለበት ቤት ልጄን አላሳድግም፤ ወይ እሱ ወይ እኔ!» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። እሱ ደግሞ «ሰው ባጣሁ ጊዜ አብሮኝ የኖረውን እንዴት አውጥቼ ልጣለው?» ይለኛል በስልክ።

ለማን ይፈረድ? ሚስትየው በከንቱ አልፈራችም። አሜሪካ ውስጥ ፌሬት ሕፃናትን ክፉኛ የነከሰበት ጊዜ አለ። የሰው ኢንፍሉዌንዛም ይይዘዋል፤ መልሶም ለሰው ያስተላልፋል። ካሊፎርኒያና ሃዋይ ፌሬት ማኖርን በሕግ ከልክለዋል፤ የኒውዮርክ ከተማም እንዲሁ። ቨርጂኒያ ግን ይፈቅዳል።

ሽታውም ቢሆን የሚካድ አይደለም። እንደ ጥርኝ ከጭራው ሥር ዕጢ አለው። የጥርኙ ዝባድ ገበያ ይወጣል፤ የፌሬቱን ግን ማን ይገዛል?

ባልየውም ሐቅ አለው። ይህ ቤት ያደገ እንስሳ ዱር ቢጣል ራሱን መመገብ ይከብደዋል፤ በረሃብ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ምክሬ ይኸው፦

1. ሕፃኑ ሲወለድ ፌሬቱ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ከሕፃኑ ጋር ብቻውን አይተው። በሩ የሚቆለፍ ቤት ይሠራለት። በቀን ከ14 ሰዓት በላይ ስለሚተኛ ብዙ አይጨነቅም።

2. የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ አይለፈው። ቤት ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው ካለ ደግሞ አይቅረበው።

3. ሥጋ በል ነው፤ ዳቦና ፍርፋሪ አይሆነውም። የበላው በሦስት በአራት ሰዓት ውስጥ ስለሚያልፍ ምግቡ ከፊቱ አይጥፋ።

4. ገላውን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ሽታውን ያብሳል እንጂ አያጠፋም። መታጠብ ያለበት መኝታ ጨርቁ ነው። ማኮላሸትም ሽታውን ይቀንሳል።

5. ሴት ፌሬት የምታሳድጉ ካላችሁ፣ የማትራባ ከሆነ አስመክኗት። ወንድ ፍለጋዋ ሳይበርድ ከቆየ ደሟ አንሶ ልትሞት ትችላለች።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልተስማሙ፣ አያያዙን ለሚያውቅ ሰው ወይም ለእንስሳት መጠለያ ይስጠው።

ለባልየው ግን አንድ ነገር ልበለው። ወንድሜ፣ ብቸኝነት ምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። ዛሬ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን የምትውለው እሷ ናት፤ እናቷንም ጓደኞቿንም ትታ ነው የመጣችልህ። «ወይ እሱ ወይ እኔ» ስትል ስለ ፌሬቱ ብቻ እያወራች አይመስለኝም። ሥራ ውለህ አድረህ ስትገባ መጀመሪያ የምታቅፈው ማንን ነው? እስቲ እሱን አስብበት።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!