ስለ አሮጌ መኪና የእሳት ጊዜና የሚኒሞ አስተካከል

ባለ ካርቡራተር መኪና የሚነዳ ሰው ዘወትር ከሚያማርርባቸው ነገሮች አንዱ፥ መኪናው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲቆም ሞተሩ መጥፋቱ ነው። ለዚህም የሚሰጠው መድኃኒት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ካቻቢቴ ይዞ የሚኒሞን ብሎን ማጥበቅ። ሞተሩም ወዲያው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይነሣና ባለ መኪናው ደስ ብሎት ይሄዳል። ዳሩ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ቤንዚን ይበላል፤ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል፤ ቁልፉ ከወጣ በኋላም ሞተሩ አልጠፋም ብሎ ይንደቀደቃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፥ ሚኒሞ የሥራው ሁሉ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አለመሆኑንና፥ የእሳቱ ጊዜ ሳይመረመር ሚኒሞን መንካት በሽታውን መሸፈን እንጂ መፈወስ አለመሆኑን ነው።

ለጥናታችን የተጠቀምንበት መኪና እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራ ቮልስዋገን 1300 ነው። ባለቤቱ የአንዱ ጓደኛችን አባት፥ በጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። በአንድ ጋራዥ «ሞተሩ ተከፍቶ መታደስ አለበት» ተብለው፥ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራቸው፥ መኪናውን ለመለዋወጫ ሊሸጡት ቆርጠው ነበር። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፥ ያሉትን አሮጌ መኪናዎች በሚገባ መያዝ ለብዙ ቤተ ሰብ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ከመሸጣቸው በፊት አንድ ቅዳሜ እንዲሰጡን ለመንናቸው።

፩. የእሳት ጊዜ ምንድን ነው?

ፒስቶኑ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን አፍኖ ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ካንዴላው እሳት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ድብልቁ በአንድ ቅጽበት የሚነድ አይደለም፤ ነበልባሉ ከካንዴላው ተነሥቶ ሲሊንደሩን እስኪያዳርስ ድረስ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ግፊቱ ትልቁን ኀይል ማግኘት የሚገባው ደግሞ ፒስቶኑ ከላይኛው ጫፍ ጥቂት አልፎ መውረድ ሲጀምር ነው። ስለዚህ እሳቱ ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ አስቀድሞ መሰጠት አለበት። ይህ ቅድሚያ የሚለካው በኮሎው ዙር ዲግሪ ሲሆን፥ ለዚህ ሞተር 7.5 ዲግሪ ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 850 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር የሰኮንድ 14ኛ እጅ ያህል ይፈጃል። በደቂቃ 3,400 ጊዜ ሲዞር ግን ይኸው ዙር አራት እጥፍ ያጥራል፤ የነበልባሉ ጊዜ ግን በዚያው መጠን አያጥርም። ስለዚህ ፍጥነቱ ሲጨምር እሳቱም ይበልጥ መቅደም ይኖርበታል። በዚህ መኪና ላይ ይህን የምትሠራው በስፒንተሮጀኑ ጎን ያለችው ክብ ቆርቆሮ ናት፤ ከካርቡራተሩ በቀጭን ቱቦ በሚመጣ የአየር ስበት ትንቀሳቀሳለች።

እሳቱ ከሚገባው በላይ ከቀደመ ሞተሩ ዳገት ላይ ይንኳኳል፤ ይህ ሲደጋገም ፒስቶኑን ያቃጥላል። ከዘገየ ደግሞ ድብልቁ ሥራውን ሳይጨርስ እየነደደ ስለሚወጣ ኀይል ይጠፋል፤ ማርሚታውና የጭስ መውጫው ቫልቭ ከመጠን በላይ ይግላሉ።

፪. እሳትና ሚኒሞ እንዴት ይያያዛሉ?

ሚኒሞ ማለት የቤንዚን መርገጫው ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። በዚህ ጊዜ በካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ ያለችው ክዳን ከሞላ ጎደል ተዘግታ፥ ቤንዚኑ ከክዳኗ በታች ባለች ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይገባል። የዚህችን ቀዳዳ መጠን የምትወስነው የድብልቅ ብሎን ናት። የሚኒሞ ብሎን ሥራ ሌላ ነው፤ ክዳኗ ምን ያህል ተከፍታ እንደምትቆም ይወስናል።

እንግዲህ እሳቱ የዘገየበት ሞተር ከሚያገኘው ድብልቅ የሚያወጣው ኀይል ትንሽ ስለሆነ ሚኒሞው ይወርዳል። ባለ መኪናው የሚኒሞን ብሎን ሲያጠብቅ ክዳኗ ከልክ በላይ ትከፈታለች፤ ያን ጊዜ ከበላይዋ ያሉት፥ ለመነሻ ጊዜ ብቻ የተሠሩት ቀዳዳዎችም ቤንዚን ማፍሰስ ይጀምራሉ። ከዚህ በኋላ የድብልቅ ብሎኗ ብትዞር ባትዞር ለውጥ አታመጣም። ይህን ያየ ሰው «ካርቡራተሩ ተበላሽቷል» ይላል፤ ጥፋቱ ግን ከካርቡራተሩ ውጭ፥ በስፒንተሮጀኑ ውስጥ ነው።

፫. የአዲስ አበባ ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱን ያህል ነው። ካርቡራተር የአየርን ማነስ በሙሉ አያውቅም። በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚገባው አየር በክብደት 20 በመቶ ያህል ሲቀንስ፥ የሚሳበው ቤንዚን የሚቀንሰው 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ለዝቅተኛ አገር የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። በሚኒሞ ጊዜ ይህን በድብልቅ ብሎኗ ማረም ይቻላል፤ በጉዞ ጊዜ የሚሠራው ዋናው ቀዳዳ ግን ካልተለወጠ በቀር አይታረምም።

ስስ አየር ዝግ ብሎ ስለሚነድና ለመንኳኳት ስለማይቸኩል፥ አንዳንድ መካኒኮች እዚህ እሳቱን ከመጽሐፉ ቁጥር አስበልጠው ያስቀድማሉ። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ይኸው መኪና በማግስቱ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ አዋሽ ሊወርድ ይችላል፤ በዚያ ወፍራም አየርና ሙቀት የተጨመረው ቅድሚያ ወደ መንኳኳት ይለወጣል። ስለዚህ እኛ በ7.5 ዲግሪው ጸንተናል።

፬. የሥራው ቅደም ተከተል

ሞተሩ መቀዝቀዝ፥ የእጅ ፍሬን መያዝ፥ ማርሹም መውጣት አለበት። መጀመሪያ የስፒንተሮጀኑን ክዳን አንሥተን፥ ፑንቲናው በጣም በሚከፈትበት ቦታ ላይ ክፍተቱን በስስ የብረት ቅጠል ለክተን 0.4 ሚሊሜትር እናደርጋለን። ይህ ሳይሆን እሳቱን ማስተካከል ከንቱ ነው፤ የፑንቲናው ክፍተት ሲለወጥ የእሳቱ ጊዜም አብሮ ይለወጣልና።

ቀጥሎ ፑሌጃውን በሰዓት አቅጣጫ በእጅ እናዞራለን። በፑሌጃው ጠርዝ ላይ ሁለት ጭረቶች አሉ፤ ከፊት ሆነን ስናይ የግራው የ7.5፥ የቀኙ የ10 ዲግሪ ምልክት ነው። የግራው ጭረት ሁለቱ የሞተር ግማሾች ከሚጋጠሙበት መስመር ጋር ሲገጥም፥ የስፒንተሮጀኑ ጣት በጠርዙ ላይ ወዳለው የአንደኛ ሲሊንደር ምልክት መመልከት አለበት። ወደ ተቃራኒው ከተመለከተ አንድ ሙሉ ዙር እንጨምራለን።

ከዚያም ባለ 6 ቮልት አምፑል አንዱን ሽቦ ከቦቢናው ወደ ስፒንተሮጀኑ ከሚሄደው መስመር ጋር፥ ሌላውን ከሞተሩ አካል ጋር አያይዘን ቁልፉን እንከፍታለን። የስፒንተሮጀኑን ማሰሪያ ብሎን አላልተን አካሉን በሰዓት አቅጣጫ አምፑሉ እስኪጠፋ እናዞራለን፤ ቀጥሎ ቀስ እያልን ወደ ኋላ እንመልሰዋለን። አምፑሉ ቦግ ባለበት ቅጽበት ፑንቲናው ተከፈተ፥ እሳቱም ተሰጠ ማለት ነው። እዚያው ላይ እናጠብቃለን። ፑሌጃውን ሁለት ዙር አዙረን፥ ጭረቱ መስመሩ ላይ ሲደርስ አምፑሉ መብራቱን እናረጋግጣለን።

ሚኒሞ የሚመጣው አሁን ነው። ሞተሩን ከማስነሣታችን በፊት የድብልቅ ብሎኗን ሳንጫን እስከ መጨረሻው ዘግተን አንድ ዙር ተኩል እንከፍታታለን። ሞተሩ የሚነሣው አየር በሚገባበት ቦታ ብቻ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጭሱ ይገድላል። በደንብ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ ብሎን ወደ 850 ዙር እናመጣዋለን። የድብልቅ ብሎኗን ሞተሩ መዳከም እስኪጀምር ዘግተን፥ ዙሩ እኩልና ለስላሳ እስኪሆን መልሰን እንከፍታለን። ፍጥነቱ ከጨመረ ሚኒሞውን እንቀንሳለን። ቤንዚን ሰጥተን በድንገት ስንለቅ ሞተሩ ካልጠፋ ሥራው አልቋል።

፭. ያገኘነው ውጤት

በዚህ መኪና ላይ የፑንቲናው ክፍተት 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። በስፒንተሮጀኑ ዘንግ ላይ የሚሳበው እግሩ ሲያልቅ ክፍተቱ ጠብቦ፥ እሳቱ ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ሊደርስ ሲል ይሰጥ ነበር። ይህን ለማካካስ የሚኒሞው ብሎን በተለያየ ጊዜ ብዙ ዙር ጠብቆ ነበር። ፑንቲናውንና እሳቱን ብቻ አስተካክለን፥ የሚኒሞን ብሎን ሳንነካ ብናስነሣው፥ ሞተሩ በደቂቃ ከ1,200 ዙር በላይ ወጣ። ብሎኑን ስንመልሰው፥ ሞታ የነበረችው የድብልቅ ብሎን እንደ ገና መታዘዝ ጀመረች። ከሰዓት በኋላ እንጦጦን ወጣነው፤ አልተንኳኳም፥ ሲቆምም አልጠፋም።

ይህ ዘዴ ሁሉን ይፈውሳል አንልም። የቫልቮች ክፍተት የተዛባበት፥ አፈናው የወረደበት ወይም የስፒንተሮጀን ዘንጉ የሚወዛወዝበት ሞተር በዚህ አይድንም። ነገር ግን ሞተር ይከፈት ከማለት በፊት ሊመረመር የሚገባው ይህ ነው፤ የሚጠይቀውም አንድ አምፑል፥ አንድ የብረት ቅጠልና ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ባለ መኪናው መሪውን ይዘው ሞተሩን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «እንግዲህ ልጆች፥ ሞተሩ አልታመመም ነበር ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛም «አዎን፥ አባባ፤ የታመመው ፑንቲናው ነበር» አልናቸው። መኪናው አልተሸጠም።