ኤክስቴንሽን የሌላቸውን አሮጌ ፋይሎች ማናገር

የድሮ ሃርድ ዲስክ ወይም ሲዲ ስትከፍቱ «ደብዳቤ»፣ «ፎቶ 12»፣ «የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ይገጥሟችኋል፤ ከስማቸው ቀጥሎ ነጥብ የለ፣ «ዶክ» የለ፣ «ጄፔግ» የለ። ሁለቴ ስትጫኗቸው ኮምፒውተሩ «በምን ልክፈተው?» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋቸዋል። እባካችሁ አታጥፉ! አብዛኛውን ጊዜ ውስጣቸው ደህና ነው።

ኤክስቴንሽን የስሙ ክፍል እንጂ የይዘቱ ክፍል አይደለም። የቅመም ብልቃጥ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቢላጥ ኮረሪማው ጥቁር አዝሙድ አይሆንም፤ ከፍታችሁ ብታሸቱት ታውቁታላችሁ። ፋይልም ይሸተታል። የጄፔግ ፎቶ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ባይቶች ሁልጊዜ 255፣ 216፣ 255 ናቸው። ፒንግ የሚባለው የምስል ዓይነት በ137 ይጀምራል። ፒዲኤፍ ደግሞ ጭራሽ የፐርሰንት ምልክት አስቀድሞ የራሱን ስም ይጽፋል። ዚፕ በ«ፒ» እና «ኬ» ይጀምራል፤ የፈጣሪው የፊል ካትስ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ቢሞትም እነዚያ ሁለት ፊደላት ዛሬም በምትልኩት የዎርድ ሰነድ ሁሉ ራስ ላይ አሉ፤ ምክንያቱም «ዶክኤክስ» በውስጡ ዚፕ ነው።

ኤክስቴንሽኑ ታዲያ የት ሄደ? አንዳንዴ መጀመሪያም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ የፋይሉን ዓይነት በስሙ ላይ አይጽፍም ነበር፤ ባለ አራት ፊደል ኮድ ከፋይሉ ጎን ለብቻው ያስቀምጥ ነበር። ፋይሉ ወደ ሌላ ሲስተም ሲገለበጥ ኮዱ በመንገድ ይቀራል፣ ስሙ ብቻ ይደርሳል።

አሁን ትዕዛዝ በጽሑፍ ወደሚሰጥበት መስኮት፣ ወደ ተርሚናሉ እንግባ። ማክ ላይ ዝግጁ ነው፣ ሊኑክስ ላይም እንዲሁ፤ ዊንዶውስ ላይ ደብሊውኤስኤል የሚባለውን ብትጭኑ ይበቃል። ትዕዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እኔ እዚህ በድምፅ እንደሚነገሩት እጠራቸዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን «ሲፒ» በሚለው ትዕዛዝ፣ «ኤ» የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ፣ ፎልደሩን በሙሉ ገልብጡና በግልባጩ ላይ ብቻ ሥሩ። ያች «ኤ» ቀኖቹ እንዳይለወጡ ትጠብቃለች፤ ስሙ ምንም ለማይነግራችሁ ፋይል ደግሞ መጨረሻ የተነካበት ቀን ትልቅ ፍንጭ ነው።

የቀኑ ጀግና «ፋይል» የሚባለው ትዕዛዝ ነው። ዩኒክስ ውስጥ ቢያንስ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ዛሬ በሊኑክስና በማክ የምናገኘውን ዝርያ ኢያን ዳርዊን በ1986 እ.ኤ.አ. ጻፈው። ስሙን ጽፋችሁ ከጎኑ የፋይሉን ስም ስትሰጡት የመጀመሪያዎቹን ባይቶች ያነብና «ይህ የጄፔግ ምስል ነው» ብሎ ይመልሳል። አንድ ፋይል ላይ ሞክሩት፤ ደስ ይላል!

ሺህ ፋይል ሲሆን «ፋይንድ»ን እናስከትላለን። ፎልደር ሳይሆን ፋይል ብቻ ፈልግ፣ ስሙ ውስጥ ነጥብ ያለበትን እለፍ እንለዋለን፤ ነጥብ ያለበት ስም በ'*.*' ይገለጻል፣ «እለፍ» ማለት ደግሞ ከፊቱ ቃለ አጋኖ ማድረግ ነው። «ኤግዜክ» በሚለው አማራጩ የተገኙትን ለ«ፋይል» ያስረክባል፤ «ፋይል» የፋይሎቹን ስም ትቶ ዓይነታቸውን ብቻ በአጭሩ እንዲመልስ «ቢ» እና «ማይም-ታይፕ» የሚሉትን አማራጮች እንጨምርበታለን። መልሱን በ| ምልክት ወደ «ሶርት»፣ ከዚያ «ሲ» አማራጭ ጨምረን ወደ «ዩኒክ» እናሻግረዋለን። ስንት ጄፔግ፣ ስንት ፒዲኤፍ፣ ስንት ዎርድ እንዳለ በአንድ ገጽ ይዘረዘራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ «ሪፖርት 12.3.98» የሚል ስም ነጥብ ስላለው በዚህ ወንፊት ያመልጣል። ቀን በነጥብ የመጻፍ ልማድ ካላችሁ ፍለጋውን ያለ ነጥቡ ገደብ ድገሙት።

ዓይነታቸው ከታወቀ በኋላ ኤክስቴንሽናቸውን ለመጨመር፣ ስም የሚቀይረው «ኤምቪ» አለ። «ኤን» አማራጩን አትርሱ፤ በተመሳሳይ ስም ሌላ ፋይል ካለ እንዳይደመስሰው ይከለክላል። ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ ከትዕዛዙ ፊት «ኤኮ» ብላችሁ ጻፉ። ኮምፒውተሩ ሊያደርግ ያሰበውን ያሳያችኋል እንጂ አይነካም፤ ዝርዝሩን አይታችሁ ስትስማሙ «ኤኮ»ን አንሱ። ፎቶዎቹን ደግሞ የፊል ሃርቬይ «ኤግዚፍቱል» በተነሱበት ቀን ሊሰይማቸው ይችላል።

የአማርኛ ጽሑፎች ለብቻቸው ጊዜ ይገባቸዋል። የእኛ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ የቁጥር ሰንጠረዥ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ከሆነ «ግሬፕ» ለሚባለው ትዕዛዝ በቀጥታ በአማርኛ «ነው» ብላችሁ ስጡት፤ «አር» እና «ኤል» የሚሉትን አማራጮች ስትጨምሩ ቃሉ ያለባቸውን ፋይሎች በሙሉ ይለቅምላችኋል። «ነው» የሌለበት የአማርኛ ደብዳቤ ከየት ይመጣል? የሚሠራውም በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ስለሆነና የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ስለሆነ ነው። «ሀ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128 ናት። ዚፕ የሆነው «ዶክኤክስ» ግን ካልተፈታ በስተቀር ለ«ግሬፕ» ዝግ ነው።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች፣ ለምሳሌ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ቀደምት ዝርያዎች የተጻፈው ከባዱ ነው። እዚያ አማርኛው የነበረው በፎንቱ ሥዕል ላይ ብቻ ነው፤ ከሥሩ የተቀመጡት ባይቶች የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው። ፎንቱ ከሌለ ዝብርቅርቅ ይታያል፣ «ፋይል»ም አማርኛ ነው ብሎ ሊነግራችሁ አይችልም። ይሁን እንጂ የዎርድ ሰነድ ከሆነ የፎንቱ ስም ውስጡ ተጽፏል። «ስትሪንግስ» የሚባለው ትዕዛዝ ከባይቶቹ መካከል የሚነበቡትን ቃላት ይለቅማል፤ የድሮ ዎርድ የፎንት ስሞችን በሁለት ሁለት ባይት ስለሚጽፍ በሊኑክሱ ዝርያ «ኢ» እና «ኤል» የሚሉትን ጨምሩበት። ስሙን ስታገኙ ፋይሎቹን በፎንት በፎንት ለዩአቸው፤ ወደ ዩኒኮድ የሚመልሳቸው የፊደል ሰንጠረዥ ለእያንዳንዱ ፎንት የተለያየ ስለሆነ መቀየሩ የሚጀምረው ከዚያ ክፍፍል ነው።